አቤቱታን ከወረቀት ወደ ኦንላይን ማዞር፦ ለወሎ ባለጉዳዮችና ማመልከቻ ጸሐፊዎች

ደሴ ፍርድ ቤት አካባቢ ጽሕፈት ስለምሠራ አንድ ጥያቄ ሳይቀርብልኝ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው፦ «ክስ በኢንተርኔት ይገባል አሉ፤ እንዴት ነው?» አንዳንዱ ከወግዲና ከተንታ አዳሩን ተጉዞ መጥቶ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ከጅዳ በኢሞ ደውሎ። ለሁሉም የምመልሰውን እዚህ አሰፈርኩት። ማንን መክሰስ እንዳለባችሁና ምን ዳኝነት መጠየቅ እንደሚገባ ጠበቃ ይንገራችሁ። እዚህ ያለው ሰነዱን ማዘጋጀት፣ መላክና መከታተል ብቻ ነው።

«ላክ» የምትለውን መጫን ከሥራው ሁሉ ትንሿ ናት። አቤቱታ የሚመለሰው በአብዛኛው ከዚያ በፊት በተሠራ ዝርክርክነት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በራሳችሁ ስም የወጣ ሲም ካርድ ያለበት ስልክ። ቁልፍ ስልክም ቢሆን ይሆናል፤ ማረጋገጫ ቁጥርና የቀጠሮ መልእክት በአጭር ጽሑፍ ይደርሰዋል።
- የኢሜይል አድራሻ፣ ከነይለፍ ቃሉ። «ልጄ ነው የሚያውቀው» ከሆነ ልጁም አብሮ ይምጣ።
- የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያ።
- ዋናዎቹ ሰነዶች። ፎቶ ኮፒውን ስካን ማድረግ የደበዘዘውን እንደገና ማደብዘዝ ነው።
- ስካነር፣ ከሌለ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ።
- ባዶ ፍላሽ፤ ከቫይረስ የጸዳ።
- ገንዘብ ያለበት ቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብ።
- የእኛና የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን የታተመበት የግድግዳ ካላንደር። አትሳቁ፤ ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሬጅስትራሩን ጠይቁ

አሠራሩ በየፍርድ ቤቱ አንድ አይደለም። የወረዳ ፍርድ ቤት፣ ደሴ ወይም ወልድያ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና የፌዴራል ሰበር ችሎት አንድ መስኮት የላቸውም። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥርዓት የፌዴራል ነው፤ የኩታበር ወይም የሐብሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ጉዳይ በዚያ አይገባም። በተሳሳተ በር የተላከ ሰነድ ደግሞ እንዳልተላከ ነው የሚቆጠረው፤ ቀኑ ግን መሮጡን አያቆምም።

ስለዚህ ሬጅስትራሩን (አቤቱታ ተቀብሎ መዝገብ የሚከፍተውን የፍርድ ቤቱን ሠራተኛ) በአካል ወይም በስልክ እነዚህን ጠይቃችሁ መልሱን ከነቀኑ ጻፉ፦

- በኦንላይን የምትቀበሉት ምን ምን ነው? አዲስ ክስ ብቻ ነው ወይስ መልስና ይግባኝም?
- የሚላከው በድረ ገጽ ነው ወይስ በኢሜይል? ትክክለኛው አድራሻ የትኛው ነው?
- የአንድ ፋይል መጠን እስከ ስንት ሜጋባይት ይፈቀዳል?
- የወረቀቱን ቅጂ በኋላ ማቅረብ ያስፈልጋል? በስንት ቀን ውስጥ?
- የዳኝነት ክፍያ መቼና በምን በኩል ይከፈላል?

ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕረፍት ነው፤ በዚያ ሰዓት እየደወላችሁ «ስልክ አያነሱም» አትበሉ።

ፍርድ ቤቱ ገና በወረቀት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ከደረጃ 2 እስከ 7 ያለውን ሥሩት፤ አትሞ ለማስገባትም ያው ዝግጅት ነው። መስኮቱ የተከፈተ ዕለት ፋይሉ እጃችሁ ላይ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ አዲስ ነው ወይስ የተከፈተ መዝገብ?

መዝገቡ ቀድሞ በወረቀት ተከፍቶ ከሆነ የምትልኩት ሁሉ የመዝገቡን ቁጥር፣ የችሎቱን ስምና የቀጠሮውን ቀን በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ ይያዝ። ይህ ካልተጻፈ እንደ አዲስ ጉዳይ ሌላ ቁጥር ሊሰጠውና ከዋናው መዝገብ ሊለያይ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ማገናኘቱ የእናንተ ልፋት ነው።

ደረጃ 3፦ ማመልከቻውን በዩኒኮድ ጻፉ

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት የክስ ማመልከቻ ምን መያዝ እንዳለበት ቁጥር 222 ይዘረዝራል፤ የምስክሮችና የሰነዶች ዝርዝር በቁጥር 223 መሠረት አብሮ ይቀርባል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ በቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑ ይረጋገጣል። መላኪያው ስለተለወጠ ከእነዚህ የሚቀር የለም። ድሮ አንዷ ብትጎድል ሬጅስትራሩ እዚያው «ይህን ጨምረህ ና» ይላችሁ ነበር፤ አሁን ተመላሽ ሆኖ በመልእክት ነው የምትሰሙት።

አሁን ስለ ፊደሉ። በየጽሕፈት ቤቱ ያለው ኮምፒውተር አብዛኛው አሁንም ቪዥዋል ግዕዝ ወይም የድሮው ፓወር ግዕዝ ተጭኖበታል። እነዚህ የቆዩ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ «ከሳሽ» የሚለው ቃል ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ስለዚህ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱ ቦታ ባለው አጻጻፍ ጻፉ፤ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ ይሆናል። ከድሮ ፋይል ቀድታችሁ የምትለጥፉ ከሆነ የተለጠፈውን መስመር በመስመር አንብቡ።

ስትጨርሱ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት። ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ክፈቱት። በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ማየት ምንም አያረጋግጥም፤ ፎንቱ እዚያ አለና።

ደረጃ 4፦ ስምን አንድ አድርጉ

በወረቀት ዘመን ሰው ነበር ስም የሚፈልገው፤ ሰው ደግሞ «መሐመድ» እና «ሙሀመድ» አንድ መሆኑን ይገምታል። ኮምፒውተር አይገምትም። ለእሱ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሞሀመድ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ዓለሙና አለሙ፣ ሠይድና ሰይድ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንደዚሁ። በወሎ ደግሞ አንድም ሰይድ ወይም መሐመድ የሌለባቸው አሥር መዝገቦች በተከታታይ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

መታወቂያው ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዙና በማመልከቻው፣ በቃለ መሐላው፣ በአካውንቱና በክፍያው ደረሰኝ ላይ አንድም ፊደል ሳትቀይሩ ተጠቀሙበት። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ወይም የጋብቻ ውሉ ሌላ አጻጻፍ ከያዘ ሰነዱን አትነካኩት፤ በማመልከቻው ውስጥ «በማስረጃ 2 ላይ ‹መሀመድ› ተብሎ የተጻፈው ከሳሹ ነው» ብላችሁ በአንድ መስመር ግለጹ። የአያት ስም አይቅር። አድራሻ ላይ ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ጎጡንም ጻፉ፤ መጥሪያ አድራሹ የሚሄደው እዚያ ነው።

ደረጃ 5፦ ፊርማ

ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላለ አስተማማኙ መንገድ ማተም፣ በእስክሪብቶ መፈረም፣ የተፈረመውን ስካን ማድረግ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በሕግ የታወቀ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ስለ እሱ ይደነግጋል። ነገር ግን ፊርማን በስልክ ፎቶ አንስቶ ቆርጦ ማመልከቻው ላይ መለጠፍ ማለት አይደለም። የተለጠፈ ፊርማ ማንም በማንም ስም ሊለጥፈው ስለሚችል ተከራካሪው ወገን «አልፈረመም» ካለ መከላከያ የላችሁም።

በጣት አሻራ የሚፈርሙ እናትና አባት ካሉ ቀለሙን አታብዙ። የጠቆረ አሻራ ስካን ላይ መስመር የሌለው ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። አሻራው አጠገብ የማን እንደሆነ ሙሉ ስሙ ይጻፍ።

ደረጃ 6፦ ስካን ማድረግ

ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ስካነሩን 300 ዲፒአይ (የምስሉ ጥራት መለኪያ) ላይ አድርጉ። ከዚያ ካነሰ የደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ አይነበብም፤ ከዚያ ከበዛ ፋይሉ ያብጥና በእኛ ኔትወርክ ሲጫን ይውላል። ተራ የታተመ ገጽ በጥቁርና ነጭ ይሁን። ማኅተም፣ ቲተር፣ አሻራ ወይም ፎቶ ያለበት ገጽ ግን በቀለም ይሁን። ሐምራዊ ማኅተም በጥቁርና ነጭ ሲወጣ ከጽሑፉ ጋር ይዋጣል፤ ዳኛው የሚያየው የተዝረከረከ ጥላ ብቻ ነው።

የመሬት ይዞታ ደብተር ከሆነ ሽፋኑን፣ ፎቶ ያለበትን ገጽና አዋሳኝ የተጻፈበትን ገጽ ሁሉ በተራ አንሱ፤ ያልተጻፈበት ገጽም ቢሆን አይዘለል። ገጽ ከተዘለለ ሌላው ወገን የመጀመሪያ ጥያቄው «ያ ገጽ ምን ነበረበት?» ነው። ደብተሩን ለማስተኛት ብላችሁ ስፌቱን አትፍቱ፤ ዋናው ሰነድ ላይ የሚታይ ጉዳት በኋላ ራሱ ክርክር ይሆናል።

በስልክ የምታነሱ ከሆነ፦

- መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን አንሱ። ፍላሽ አጥፉ፤ ማኅተሙ ላይ ያበራል።
- ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ከላይ ቀጥታ አንሱ። በእጅ የተያዘ ወረቀት ይታጠፋል፤ ጣትም አብሮ ይነሳል።
- ተራ ፎቶ ሳይሆን የስካን መተግበሪያ ተጠቀሙ። በአንድሮይድ ስልክ የጉግል ድራይቭ ስካን ይበቃል። ነጻው ካምስካነር በየገጹ ግርጌ የራሱን ጽሑፍ ያትማል።
- ከዘመድ የሚላክላችሁ ከሆነ በቴሌግራም እንደ ፋይል፣ በዋትስአፕ እንደ ዶክመንት ይላክ። እንደ ፎቶ ከተላከ መተግበሪያው ያሳንሰዋል፤ ሲያጎሉት ፊደሉ ይፈርሳል።

ከሳዑዲ የመጣ የዓረብኛ ውል ወይም የፍቺ ወረቀት ካለ ዋናውንና የተረጋገጠውን ትርጉም አንድ ላይ፣ ዋናውን አስቀድማችሁ አያይዙ። ትርጉሙ ብቻውን ምን እንደተተረጎመ አያሳይም።

ደረጃ 7፦ ቀኑን ቁጠሩ

የፍትሐ ብሔር ይግባኝ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 323(2) መሠረት ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ለፌዴራል ሰበር ችሎት 90 ቀን ነው።

የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ነገሩ ቀላል ይመስላል፦ ፍርዱ ኅዳር 5 ከተሰጠ 60ኛው ቀን ጥር 5 ነው። ጳጉሜን መሐል ስትገባ ግን ይለወጣል። ፍርዱ ነሐሴ 10 ከተሰጠ የሚያልቀው ጥቅምት 10 ሳይሆን ጥቅምት 5 ነው፤ በ2015 እንደሆነውና በ2019 እንደሚሆነው ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ ጥቅምት 4። «ሁለት ወር አለኝ» ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ወጥመድ የድረ ገጹ ቀንና ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ቅጾች በፈረንጅ ቀን ነው የሚሠሩት፤ ካላንደሩን ጎን አድርጋችሁ ሙሉ። «እስከ 23:59» የሚል ካያችሁ በእኛ ከሌሊቱ 5:59 ማለት ነው፤ እስኪነጋ 12 ሰዓት ድረስ ጊዜ አለ ብላችሁ አትተኙ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆማል፣ ሬጅስትራሩም ሰነዱን አይቶ «ይህ ይስተካከል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም በሉ። ጊዜው ካለፈ በቂ ምክንያት አሳይቶ ማስፈቀድ የግድ ነው፤ የነገረ ፈጅ፣ የጠበቃ ወይም የጠበቃ ጸሐፊ ጥፋት ደግሞ በቁጥር 326(2) መሠረት በቂ ምክንያት አይባልም። «ጸሐፊው ረስቶብኝ ነው» አያድንም።

ደረጃ 8፦ ፋይሎቹን አደራጁ

ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፒዲኤፍ አታጭቁ፤ አርባ ፋይልም አታድርጉት። ለየብቻ የሚሆኑት ማመልከቻው፣ የማስረጃ ዝርዝሩ፣ ማስረጃዎቹና ውክልናው ናቸው። የፋይሉ ስም በቁጥር ይጀምር፦ «01 ክስ»፣ «02 የማስረጃ ዝርዝር»፣ «03 ማስረጃ 1»። ቁጥር ካልተሰጠው ኮምፒውተሩ በራሱ ፊደል ተራ ይደረድረዋል። ሥርዓቱ የግዕዝ ፊደል ያለበትን ስም አልቀበልም ካለ በላቲን ፊደል ሰይሙት፤ ይዘቱ አይነካም።

በማስረጃዎቹ ላይ ተከታታይ የገጽ ቁጥር አድርጉና ማመልከቻው ውስጥ «ማስረጃ 1፣ ገጽ 4» እያላችሁ ጥቀሱ። ስክሪን ላይ የሚያነብ ዳኛ ወረቀት እንደሚገላብጠው አይገላብጥም፤ ቦታውን ካላሳያችሁት ያልፈዋል።

ተገልብጦ የተነሳ ገጽ አዙሩ። ከዚያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ።

ደረጃ 9፦ አካውንቱን በባለጉዳዩ ስም ክፈቱ

ለኛ ለጸሐፊዎች ነው ይህ። ለቅልጥፍና ብለን በራሳችን ስልክና ኢሜይል የምንከፍት አለን። ከዚያ ቀጠሮው፣ ትእዛዙ፣ «ይስተካከል» የሚለው መልእክት ሁሉ ወደ ሱቃችን ይመጣል፤ ባለጉዳዩ አምባሰል ተቀምጦ ምንም አይሰማም። ስልክ ቁጥሩ የባለጉዳዩ ይሁን፤ ሲመዘገብ ስልኩን ይዞ አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለእሱ ስጡት። እማማ ማንበብ ካልቻሉ መልእክቱን የሚያነብላቸውን የቤት ሰው ዛሬውኑ ይወስኑ።

በሕዝብ ኮምፒውተር ከሠራችሁ ስትጨርሱ ከአካውንቱ ውጡ፤ ዴስክቶፕ ላይ የቀረውን መታወቂያና ውል አጥፉ፤ «መጣያ» የተባለውንም ባዶ አድርጉ። ፎልደር ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ በየሱቁ ስላለ ፍላሹን ሌላ ቦታ ከመክፈታችሁ በፊት አስፈትሹ።

ደረጃ 10፦ ላኩ፤ ማረጋገጫውን ያዙ

ጠዋት በማለዳ ወይም ማታ ኔትወርኩ ቀለል ሲል ላኩ። ኮምፒውተሩ ቻርጅ ይሁን፤ የስልክ ዳታ በተጠባባቂ ይኑር። መላኩ መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከመላካችሁ በፊት ገብታችሁ የደረሰውን ተመልከቱ፤ ሁለት ጊዜ የገባ ክስ ሁለት መዝገብ ሊያስከፍት ይችላል።

ከተላከ በኋላ የሚሰጠውን ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት አስቀምጡ፤ ስክሪኑንም ፎቶ አንሱ። በኢሜይል ከሆነ የላካችሁትን አታጥፉ፤ ደርሷል የሚል መልስ ጠይቁ። ካልመለሱ ደውሉ። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል፤ መላካችሁን ማሳየት ካልቻላችሁ ግን ዕውቅናው ብቻውን ምንም አያደርግላችሁም።

ደረጃ 11፦ ክፍያ

የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፈል መዝገብ አይከፈትም። መጠኑ ሲነገራችሁ ብቻ ክፈሉ፤ በግምት የተከፈለን ማስመለስ ሌላ ማመልከቻ ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ የማመልከቻውን ቁጥርና የከሳሹን ስም ጻፉ፤ ደረሰኙን ከነግብይት ቁጥሩ አውርዱ። የመክፈል አቅም የሌለው ሰው በድኻ ደንብ ለመክሰስ በቁጥር 467 እና ተከታዮቹ መሠረት ማመልከት ይችላል፤ ያም ማመልከቻ አብሮ ይላክ።

ደረጃ 12፦ ከዚያ በኋላ

መላክ ማለት ተከሳሹ ሰምቷል ማለት አይደለም። መጥሪያውን ማን እንደሚያደርስ፣ እናንተ ወስዳችሁ የምታደርሱ ከሆነ መቼ እንደምትረከቡ ጠይቁ። በየሁለት ሦስት ቀኑ አካውንቱን ክፈቱ።

ዋናዎቹን ወረቀቶች በአንድ ፋይል ላይ፣ በኦንላይኑ ተራ አስራችሁ ያዙ። ዳኛው «ዋናውን አሳይ» ሊል ይችላል፤ ሌላው ወገን ሰነዱን ከካደ ክርክሩ የሚያልቀው በዋናው ነው። «ስካን ስላደረግሁ» ብሎ የጋብቻ ውሉን የጣለ ሰው አለ።

ከጅዳና ከሪያድ ለምትጠይቁ

በኢሞ የተላከ የውክልና ፎቶ ውክልና አይደለም። ቆንስላው ዘንድ ቀርባችሁ ፈርማችሁ፣ ማኅተሙ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ እዚህ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ ነው የሚሠራው። ዋናው ወረቀት በሰው እጅ ይምጣ፤ ስካኑ ከእሱ ይነሳ። ውክልናው ላይ መክሰስ፣ መከሰስ፣ ይግባኝ ማለትና መታረቅ በግልጽ መጻፋቸውን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ አንዱ ቢጎድል እንደገና ቆንስላ መሰለፍ ነው።

ተመላሽ የሚያደርጉ የተለመዱ ስህተቶች

- የመጨረሻው ገጽ ሳይፈረም የተላከ ማመልከቻ። ፊርማ ያለበትና የሌለበት ሁለት ፋይል ሲኖር የሚላከው ብዙ ጊዜ የሌለበት ነው፤ ያልተፈረመውን አጥፉት።
- በማስረጃ ዝርዝሩ 6 ተብሎ በፋይሉ 5 የሆነ ማስረጃ።
- በወርድ ፋይል የተላከ ማመልከቻ። በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ገጹ ይዛነፋል፤ ማንም ሊቀይረውም ይችላል።
- ምስክር «አቶ ሰይድ፣ ሐይቅ» ብቻ ተብሎ መጻፉ። ሐይቅ ውስጥ የትኛው ሰይድ?
- የይግባኝ አቤቱታ ያለ ፍርዱ ግልባጭ። ግልባጩን ፍርዱ በተሰጠ ሰሞን ጠይቁ፤ የምትጠብቁበት ቀን ከ60ው ውስጥ ነው።
- ለአንድ ጉዳይ በኦንላይንም በወረቀትም በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ይዘት ማስገባት። ወረቀት ከተጠየቀ የተላከውን ፒዲኤፍ ራሱን አትማችሁ አቅርቡ፤ አንድ ቃል እንኳ አታርሙበት። መታረም ያለበት ነገር ካለ በማሻሻያ ማመልከቻ ይጠየቃል።